ለእትዬ ዘሃራ የመደብኩት አንድ ተራ

ጉዶች፣ ዛሬ እዚህ መርሳ ከተማ የሠራሁትን ስትሰሙ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። ይገባኛል። ግን መጀመሪያ ጨርሱት።

ከሰዓት ላይቭ ገብቼ እንደነበር አይታችኋል። «ኔት በፍትሕ እንዴት ይካፈላል» እያልኩ ስደሰኩር።

በፍትሕ!

ለማታውቁኝ፣ ትንሽ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለኝ። ያስገባሁትን ኔት በኬብል ለጎረቤት አካፍላለሁ፤ አንዱ መስመር የእኔ፣ አንዱ የኳስ ማሳያ ቤቱ፣ አንዱ ደግሞ ግድግዳ የምንጋራቸው የእትዬ ዘሃራ ነው። እትዬ ዘሃራ ወላሂ እናቴ ናቸው። (አዎ ክርስቲያን ነኝ። ወሎ ነው ያለሁት፣ ወላሂ እንላለን።)

ራውተር ማለት እንደ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ድርሻ ይይዛል። ከዚያ የተረፈውን ኔት ለእያንዳንዱ በተሰጠው ክብደት፣ ማለትም በተራ ብዛት ያድላል። ክብደቱን የሞላሁት እኔው ነኝ። ለራሴ አምስት ተራ፣ ለኳስ ቤቱ ሦስት፣ ለእትዬ ዘሃራ አንድ።

ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ነዋ። ጁምዓ ጁምዓ ጅዳ ካለችው ልጃቸው ጋር በድምፅ ከማውራት ሌላ ምን ይፈልጋሉ?

ያኔ መስመሩን ሳስገባላቸው «እኛ ካልተጠቀምን እኮ ሁሉም የአንቱ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያ ሌላው ሲጠግብ ነው የምበላው በለኛ» አሉና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምኑ ያስቃል?

ዛሬ ያቺው የጅዳዋ ልጃቸው ሰዓዳ የልብ ኦፕራሲዮን ልትገባ ነበር። ከመግባቷ በፊት ፊታቸውን በቪዲዮ እያየች ዱዓ እንዲያደርጉላት ፈለገች። እናት ዱዓ ታደርጋለች፣ ልጅ አሚን ትላለች። እኛ አገር ያለዚያ ሰው መንገድ አይወጣም፣ እንኳን ለኦፕራሲዮን።

እትዬ ዘሃራ ይህን አልነገሩኝም። ሰው ማስቸገር አይወዱም።

እኔ ላይቭ ላይ ነኝ። ኳስ ቤቱም ጨዋታ ይዟል። በግድግዳው በኩል «ሰዓዳ! ሰዓዳዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» ሲሉ ይሰማኛል።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው?

ድምፃቸው እንዳይረብሸኝ የሱቁን በር ዘጋሁት።

አንዳንዶቻችሁ ላይቩ ላይ የጽጌረዳ ጊፍት ስትልኩልኝ ነበር። አመሰግናለሁ። በእሳቸው ተራ ነው የደረሰኝ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘሃራ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ፊቷ ቆመብኝ።»

ስክሪኑ ላይ ሰዓዳ አፏን ከፈት አድርጋ ቀርታለች። የሆስፒታል ልብስ ለብሳለች። ያኔ ነው የገባኝ። ላይቩን ጠረቀምኩት፤ ሴቲንግ ገብቼ ክብደቱን በሙሉ ወደ እሳቸው ገለበጥኩት። መልሰን ስንደውል ጓደኛዋ አነሳች። አሁን አስገቧት አለች። ምስሉ ጥርት ብሎ ነበር የመጣው፣ ባዶውን አልጋ አሳየን።

እትዬ ዘሃራ ስልኩን እያዩ «አሚን ብላ ይሆን?» አሉኝ።

እንጃ ማለት አቃተኝ። «ብላለች እትዬ፣ እኔ ራሴ ሰምቻታለሁ።»

«በሩን ዘግተህ?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በጣም አፍሬያለሁ፣ ፈርቻለሁም።

ይኸው ኳስ ቤቱን ለምኜ አዘግቻለሁ። መስመሩ በሙሉ የእሳቸው ነው። ስልኩ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል፤ የሚደውል ግን የለም። ሰዓዳ እስካሁን አልወጣችም።

የተረፈ እንዴት እንደሚካፈል ሳስተምራችሁ ነበር አይደል? እስቲ አሁን እናንተ አካፍሉኝ። ኮሜንት ላይ ለሰዓዳ አሚን በሉላት፣ ቤታቸው እየሄድኩ ለእናቷ አነብላቸዋለሁ።

አሚን እንደሆነ ብዙ ኔት አይበላም።