በጉርድ ቀሚስ የፈረምኩት ውል

ወንድ ልጅ ስለ ሱሪው የሚያስበው በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲገዛውና ሲቀደድበት። በመሃል ያሉትን ዓመታት ሱሪ መልበሱን ረስቶ፣ የሚያስከብረው ወንድነቱ መስሎት ይኖራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ማክሰኞ ከአብነት ሚኒባስ ስሳፈር ሙሉ ሱሪ ነበረኝ፤ ልደታ ስወርድ ግማሹ ብቻ ቀረኝ።

የወንበሩን ስፖንጅ በስቶ የወጣ ሽቦ ነው ጉድ የሠራኝ። ወራጅ አለ ብዬ ብድግ ስል ጨርቅ ሲተረተር ሰማሁ። የማን ጨርቅ እንደሆነ የገባኝ ግን ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴት ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን ነው። በእጄ ብዳስስ፣ ከመቀመጫዬ እስከ ጉልበቴ አገር ያየኛል።

ሌላ ቀን ቢሆን በጃኬቴ ሸፍኜ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ያ ቀን ግን የኮንዶሚኒየም ውል መፈረሚያው የመጨረሻው ቀን ነው። ዛሬ ካልፈረምኩ ቤቱ ለሌላ ሰው ያልፋል። ለመመዝገብ በተሰለፍኩ ጊዜ እኮ ፀጉር ነበረኝ! ታዲያ ለምን እስከ መጨረሻው ቀን ቆየህ ትሉኝ ይሆናል። እናንተ መቼ ነው ቀድማችሁ የምትሄዱት? ቢሮው ለምሳ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስብሰባ አለ ተብሏል። ስብሰባ የገባ ባለሥልጣን መቼ እንደሚወጣ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው።

የቢሮውን በር የሚጠብቁት፣ ሰው ሁሉ ሃምሳ አለቃ የሚላቸው ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ፤ ቁምጣ፣ የተቀደደ ሱሪ፣ ከጉልበት በላይ የሆነ ቀሚስ ለብሶ መግባት ክልክል ነው። ጣታቸው የተቀደደው ላይ ቆመ። የዛሬ ልጆች ቀዳዳውን ከነሱሪው ነው የሚገዙት፣ ፋሽን ነው ብዬ ተከራከርኩ። የፋሽን ቅድ ከፊት ነው፣ ያንተ ከኋላ ነው አሉኝ።

መንገዱን ተሻግሬ ያገኘሁት የመጀመሪያ ልብስ ቤት የወሎዋ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ነበር። የሴት ልብስ እንጂ የወንድ አይሸጡም። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ አዩኝና አብሽር ልጄ አሉኝ፤ ከማንጠልጠያው ላይ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ረጅም ጥቁር ጉርድ ቀሚስ አወረዱ። በኛ አገር ወንዱ ሽርጥ አገልድሞ ነው የሚውለው፣ ሽርጥ ነው በላቸው አሉኝ። ጠርዙ ላይ የተጠለፉትን ቀያይ አበቦች እያሳየሁ፣ አበባ ያለው ሽርጥ አይቼ አላውቅም ብላቸው፣ አንተ አበባ ትቆጥራለህ፣ ሰዓቱ ይሄዳል ብለው ተቆጡኝ። ለበስኩት።

ከሱቁ እስከ ቢሮው ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ጎረምሶች ፋዘር አራዳ ነው እያሉ አጨበጨቡልኝ። አንዲት እናት የልጇን ዓይን ሸፈነች። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ዳኛ ጥቁር ካባውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ለብሶ ሲፈርድብን ማን ቀሚስ ነው አለው? ቄሱስ? ጎረቤቴ ለምርቃቱ ጋወን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ አስፍቶ ሳሎን ሰቅሎታል። ሚስቴ የኔን ጂንስ ለብሳ ገበያ ስትወጣ ዘናጭ ናት ተባለ። እኔ አንድ ቀን ጉርድ ብለብስ የሠፈሩ ሥነ ምግባር ተናጋ!

አንድ ፖሊስም አስቆመኝ። ነውር መሆኑን ነገረኝ። በየትኛው አንቀጽ ነው ብዬ በትሕትና ጠየቅሁት። ሰማይ ሰማይ አየ፤ ቀሚሱን አየ፤ ከጉልበት በታች መሆኑን አረጋገጠ። በመጨረሻ፣ ቶሎ ብለህ ሂድልኝ አለኝ።

ሃምሳ አለቃ ማስታወቂያውን እንደገና አነበቡት። ቀሚሱ ከጉልበት በላይ አይደለም፤ የተቀደደ ነገርም አይታይም። ሽርጥ ነው አልኳቸው። ወሎ ዘምቻለሁ፣ ሽርጥ አበባ የለውም አሉኝ። የከተማ ሽርጥ ነው አልኩ። አሁን የቀረው ፍተሻው ነው። ወንድ በቀኝ በኩል በወንድ፣ ሴት በግራ በኩል በሴት ነው የሚፈተሸው። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ወደ ወገቤ ዘርግተው አየር ላይ አስቀሩት፤ በስተርጅናዬ የቀሚስ ወገብ አልዳስስም ብለው ወደ ግራ መሩኝ። ፈታሿ ልጅ ደግሞ እኔ ጢም ያላት ሴት አልፈትሽም ብላ ወደ ቀኝ መለሰችኝ። እንዲህ ሲቀባበሉኝ አሥር ደቂቃ ሄደ። ቤቴ ዓይኔ እያየ ሊያልፈኝ ነው! ሃምሳ አለቃ ሰለቻቸውና ግባ፣ ጥፋ ከፊቴ ብለው በሁለት እጃቸው ሸኙኝ። ሳይፈተሽ የገባ የመጀመሪያው ባለጉዳይ ሳልሆን አልቀርም።

የሚፈረምበት መስኮት ከፍ ያለ ስለሆነ ጸሐፊዋ ከደረቴ በታች አላየችኝም። ቅጹ ላይ ጾታ የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ትንሽ አመነታ እንጂ፣ ለምሳ ሳይወጡ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ሱሪ ለብሼ ቁልፌን ልቀበል ሄድኩ። ማስታወቂያው ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ሽርጥም ሆነ ቀሚስ የለበሰ ወንድ አይገባም። መጀመሪያ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ለአንድ ሕግ ስንት የተከበሩ ሰዎች እጅ ያወጣሉ፤ እኔ ብቻዬን፣ በአንድ ሽቦ!

ከማስታወቂያው ሥር ግን ኮት ደርበው ነጭ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ቆመዋል። እንደኔው ቁልፍ ሊቀበሉ ነው የመጡት። በሽርጤ ተድሬያለሁ፣ በሽርጤ ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ዛሬ ነው ነውር የሆነው እያሉ ይጠይቃሉ። ሃምሳ አለቃ አንጀታቸው አልቻለም። ምን ላድርግ አባባ፣ አንድ ሰውዬ ጉርድ ለብሶ ሽርጥ ነው ብሎ አታሎኝ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ አለቆቼ ከለከሉ ይላሉ። ይህን እያሉ የእኔን ኪስ ይዳብሳሉ። ያን ቀን ዓይናቸው ከቀሚሱ መች ተነቅሎ ፊቴን አዩትና! ይኸው እንደዚህ ጨዋ ለብሶ የመጣ ሰው ማን ይከለክለዋል ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ያ ሰውዬ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ቁልፉ ግን ውስጥ ነው። አፈርኩ፤ ጉርዱን በለበስኩ ቀን እንኳ እንዲህ አላፈርኩም።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። ያን ሰውዬ አላህ ይቅር ይበለው አሉ፤ ቸግሮት ይሆናል፤ ደህና ሱሪ ይስጠው።

ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አሚን አልኩና ገባሁ።