በላብ የተተከለ ድንኳን

ይህን በማውጋቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መናገር ያልነበረብኝን አንድ ጊዜ ተናግሬ የሆነውን አይቻለሁ። ዳግመኛ አፌን ስከፍት ቢያንስ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ይቅርታ ጠይቄ መሆን አለበት።

እኛ ካርቱም ያለን ሐበሾች በመርዶ ነገር ጠንቃቆች ነን። አገር ቤት ሰው ቢሞትብህ ከሁሉ በኋላ የምትሰማው አንተ ነህ። ጎረቤትህ ሰምቷል፤ የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሰምቷል፤ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ካልሲ የሚያዞረው ሰውዬ ሳይቀር ሰምቷል። ሁሉም ሰምተው ካንተ ጋር ሻይ ይጠጣሉ፤ “እናትህ ደኅና ናቸው?” ይሉሃል። ጭካኔ ይመስላል፣ አይደል? አይደለም። ሰው መርዶውን በማለዳ፣ ወገን ከቦት፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ይሰማ እንጂ ሚኒባስ ውስጥ ብቻውን አይስማ ነው ነገሩ። እኔም ይህን ሥርዐት አክባሪ ነበርኩ፤ እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ።

ጋሼ አስማረ የጎንደር ሰው ነው። ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ለአንድ ሐኪም ቤተሰብ ምግብ ያበስላል። ለእናቱ አንድ ነው። ዘንድሮ እሄዳለሁ፣ ለከርሞ እሄዳለሁ ሲል ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። በመጨረሻ እናቱ በስልክ “እንግዲህ የቤቴ መንገድም ጠፍቶሃል” አሉት። ይቺ ነገር ከነከነችው። ወዲያው ፓስፖርቱን ለመውጫ ቪዛ አስገባ። ቪዛው ሲጠበቅ፣ ከጎንደር ለሊቀ መንበራችን ለአቶ ፈለቀ ስልክ ተደወለ፤ እናትዬው ከፋሲካ በኋላ ዐርፈው ተቀብረዋል።

አቶ ፈለቀ ልብስ ሰፊ ነው፤ ነገርንም እንደ ጨርቅ ሳይለካ አይቆርጥም። ፓስፖርቱ ሳይወጣ ቢነገረው መሄድ አይችል፣ መቀመጥ አይችል፤ ስለዚህ እስኪወጣ ይቆይ አለ። ተስማማን። በኋላ ቪዛው ሐሙስ ይወጣል ሲባል፣ ዓርብ ሁሉም ሥራ ስለማይገባ ዓርብ ማለዳ ልናረዳው ተቆረጠ።

በዚሁ ሳምንት ነው ጋሼ አስማረ ካላክላ ሰፈር እኔ ቤት መጥቶ የፋሲልን ግንብ ሣልልኝ ያለኝ።

እኔ ሰዓሊ ነኝ። ማለትም የሱቅ ታፔላ እጽፋለሁ፤ እዚህ ኸጣጥ ይሉናል። ምግብ ቤቶች በር ላይ የሣልኳቸው ዶሮዎች ተጠብሰው ሳህን ላይ እንኳ ፈገግ ይላሉ። ጎንደርን ግን በዓይኔ አላየሁም፤ የደሴ ልጅ ነኝ። ለማን ነው ስለው፣ ለእናቴ ነው አለኝ። ግንቡን፣ ከጀርባው ቤቷን፣ መሀል ያለውን መንገድ አድርግልኝ፤ መንገዱ እንዳልጠፋኝ በዓይኗ ትየው አለ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ለሞተ ሰው አልሥልም ይባላል? “በጣም ይደሰታሉ” አልኩት።

የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ሽታውም አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያሳምማል። ስለዚህ የተማሪ የውሃ ቀለም ገዛሁ። የውሃ ቀለም የፈለሰፈው ሰው፣ ማንም ይሁን፣ በግንቦት ካርቱም አልነበረም። ብሩሹን ነክረህ ወረቀቱ ጋ እስክትደርስ ውሃው ሰማይ ደርሷል።

ማክሰኞ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። ግንቡን ካረጀ የግድግዳ ካላንደር፣ የቀረውን ከጋሼ አስማረ አፍ ነው የምቀዳው። እሱ ከኋላዬ ቆሞ ያርማል። ጉልላቱ እንቁላል ነው እንጂ ሐብሐብ አይደለም ይላል። ካላንደሩ ላይ እንዲህ ነው ስለው፣ ካላንደሩ ጎንደር አልተወለደም አለኝ። የግንቡን ድንጋይ ሳቀላው ደግሞ “ኻላስ፣ በቃ፣ ይኼ የካላክላ ሸክላ ነው፤ ፋሲል ኪራይ ሊከፍል ነው እንዴ?” ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ቤቷ ጋ ስንደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። ቆርቆሮው እዚህ ጋ ዝጓል አለ። በሩ ሰማያዊ ነው፤ ደጃፉ ላይ ድንጋይ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ትቀመጥበታለች አለኝ። ትቀመጥበታለች ባለ ቁጥር ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ከሙቀቱ ይሁን ከኃጢአቴ አላውቅም፣ ካገጬ አንድ ትልቅ ጠብታ ወርዶ ልክ ደጃፉ ላይ አረፈ። ገና ያልደረቀውን ቀለም ገፍቶ፣ ሾጠጥ ያለ ነጭ ነገር ትቶ ቁጭ አለ።

“ይኼ ምንድን ነው?” አለኝ።

ላብ ነው ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ሰዓሊ ተሳስቼ ነው ይላል? ሳህን ላይ ለሚስቅ ዶሮ እንኳ ምክንያት ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ ባዶውን ቦታ ለመሙላት ሆን ብዬ ያደረግሁት ነው፣ ድንኳን ነው አልኩት።

“እናቴ ደጅ የምን ድንኳን?”

ሠርግ ልል አፌን ከፈትኩ። ማን ሊያገባ? ልጃቸው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም እዚህ ቆሟል። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ጋሼ አስማረ ድንኳኑን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

“መቼ?” አለኝ።

ከፋሲካ በኋላ አልኩት። ሌላ ማን ያውቃል አለ፤ ሁሉም አልኩት። ጎንበስ ብሎ ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነክሮ አቀበለኝና “በል ጨርስ፤ ቀለሙ እየደረቀ ነው” አለኝ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ከአንተ እንደሰማሁ ፈለቀ ካወቀ ከማኅበሩ ያስወጣሃል፤ እኔ ምንም አልሰማሁም አለኝ።

ረቡዕ ሥራ ገብቶ አበሰለ። ሐሙስ ከአቶ ፈለቀ ጋር ሄዶ ፓስፖርቱን ተቀበለ። አቶ ፈለቀ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ “መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ እናትህ ዕድለኛ ናቸው” አለው። እሱም እግዜር ይስጥልኝ አለ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በሩን አንኳኳን። እኔም ጋቢዬን ለብሼ ከሽማግሌዎቹ መሀል ነበርኩ። ለብሶ ተቀምጦ ነው ያገኘነው። አቶ ፈለቀ አስጸለየ፤ ስለ ሰው ልጅ መንገደኝነት ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ ከዚያ አረዳው። ጋሼ አስማረ ከማክሰኞ ጀምሮ ያቆየውን በአንድ ጊዜ አወጣው። አራት ሰው ሆነን ነው የያዝነው። ሽማግሌዎቹ ወደ ውጭ ወጣ እያሉ፣ ምስኪን፣ ዱብ ዕዳ ሆኖበት ነው ተባባሉ።

ቅዳሜ አውቶቡስ ተራ ሸኘነው። ሥዕሉን ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። ድንኳኑን በቀለም ልሸፍንልህ ብለው፣ አትንካው አለኝ፤ “እዚያ የተጣለው ከፈረሰ ቆየ። እኔ የደረስኩት ለዚህኛው ነው።”

በሚቀጥለው ስብሰባ አቶ ፈለቀ ተነሥቶ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ሙሉ ከሐዘንተኛው ጋር ውሎ አንዲት ቃል ያላሾለከ ሰው በመካከላችን አለ ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ተጨበጨበልኝ። በሙሉ ድምፅ የማኅበሩ መርዶ ነጋሪ ሆኜ ተመረጥኩ፤ እስከ ዛሬም እኔው ነኝ።

እንግዲህ አደራ፣ ይህ ወሬ ከእናንተ አይውጣ። ለእኔ ሹመት ብላችሁ አይደለም። ጋሼ አስማረ ሦስት ሌሊት ሙሉ ዕንባውን ውጦ የጠበቀው ምስጢር ስለሆነ ነው።