የሐጂ ዘይኑልአቢዲን መዶሻ

ቁልፍ የሚያስረክብ አለቃ ሞልቷል፤ አስረክቦ የሚሄድ ግን ገና አልተወለደም። ተመርቆ፣ ተሸልሞ፣ ካባ ለብሶ ይሰናበታችሁና ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ክቡር ሐጂ ዘይኑልአቢዲን፣ የብረት ሥራ ድርጅቱ መሥራች፣ ይባስ ብለው ከሞቱም በኋላ አልሄዱም።

ሐጂ የጀመሩት ደሴ ሰኞ ገበያ፣ በአንዲት ደሳሳ የቆርቆሮ ቤት፣ የመስኮት ፍርግርግ በመበየድ ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ኮምቦልቻ ወርደው ስልሳ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ አቆሙ። ድርጅቱ ሲያድግ መዶሻቸው ግን ያችው መዳፍ የማትሞላዋ ነበረች። ሥራ ከመጫኑ በፊት እያንዳንዱን ብየዳ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። "ሽሽ! ብረት አይዋሽም፤ የሚዋሸው በያጁ ነው!" በመጨረሻ ሦስቴ ከመቱ ይጫናል። አንዴ መትተው ዝም ካሉ ግን፣ ወላሂ፣ አገር ቢያማልድ ሥራው ይፈርሳል። የልጃቸውን የዊዳድን የሰርግ ድንኳን ምሰሶ እንኳ፣ ሙሽራው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ አስነቅለው አስበይደዋል።

አሁን ድርጅቱን የምትመራው ኢንጂነር ዊዳድ ናት። ያቺ መዶሻ ከልጅነቷ ጀምሮ አንገሽግሻታለች። አባቷ በተቀበሩ በሁለተኛው ወር የብየዳ መመርመሪያ መሣሪያ ከአዲስ አበባ አስመጣችና መዶሻዋን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባት።

የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ የገራዶ ትምህርት ቤት አዳራሽ ጣሪያ ነበር። መሣሪያው ደህና ነው አለ። ማክሰኞ ሊጫን ሲል መብራት ጠፋ። ማሽኑ ሁሉ ቀጥ ብሎ ፋብሪካው በጠራራ ፀሐይ ጭር አለ። ያኔ ከጣሪያው ብረት መሀል፣ ማንም በሌለበት፣ ኳ! አንዴ ብቻ።

ሽማግሌው ፎርማን ቀለሙ አማተቡ። "ዊዳድዬ፣ አንዴ ነው የመቱት።"

"ጋሽ ቀለሙ ደግሞ! ብረት ሲሞቅ ይጮሃል።"

ረቡዕም መብራት ጠፋ። ኳ! ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ቆመ። ጣሪያው ቅዳሜ ገራዶ ካልደረሰ ውሉም የዊዳድ ስምም ያልቅለታል። ቢደርስስ? ከሥሩ አራት መቶ ልጅ ይቀመጣል።

ቁልፉ ከቦርሳዋ ወጥቶ አያውቅም። መሳቢያውን ስትከፍት ግን የመዶሻዋ እጀታ፣ አሁን ከእጅ የተለቀቀ ይመስል፣ ይሞቃል። ቢሆንም አነሳቻትና ብየዳዎቹን አንድ በአንድ መታች። አሥራ ሰባተኛው እንደ ነቃ እንስራ ድምፁ ሞተ። ቢቆረጥ ውስጡ ባዶ ነው! መሣሪያው ከአሥር ብየዳ አንዱን እየመረጠ ነበር የሚያየው፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ሐጂ ግን ደንብ የሚባል አያውቁም ነበር።

የቀሩትም ተመትተው፣ ድምፁ የሞተው ሁሉ ሁለት ቀን ተበየደ። ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ መብራት ጠፋ። ስልሳ ሰው ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠጋ።

ኳ። ኳ። ኳ።

"ጫኑ!" አለች ዊዳድ። ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ሲሮጥ እሷ ብቻዋን ከብረቱ ፊት ቀረች። እንባዋ መጣ።

"በቃ አብዬ፣ አሁን ይረፉ" አለች ቀስ ብላ።

ብረቱ አንዴም ኳ አላለም። ዊዳድ ከማክሰኞ ወዲህ ያልፈራችውን ያህል ፈራች።

"ኧረ እውነት እንዳይሄዱ!" አለች። "ሰኞ የውኃ ታንከር አለብን።"