ሐ ያለበት ሰው

ሁለት ሰው ሲገናኝ ያወራል። ሦስት ሲሆን ማኅበር ይመሠርታል። አራተኛው ሲመጣ የማኅበሩን ስም ያሳጥሩታል። አምስተኛው መጥቶ «ይሄ ፊደል ምን ማለት ነው?» ብሎ ከጠየቀ እንግዳ መሆኑ ታወቀበት። መንግሥትም ከዚህ አይለይም፤ የመሥሪያ ቤቱን ሁሉ በር ብታዩ ፊደልና ነጥብ ነው። ታዲያ የእኛ እድር ከማን ያንሳል?

እድራችን ዲላ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ነው። ጌዴኦው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሲዳማው አንድ ላይ የሚያለቅስበት ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። የአባላቱ ስም በቀለም ተጽፏል፤ ከየስሙ አጠገብ ደግሞ በጠመኔ አንድ ፊደል አለ። «ድ» ድንኳን ተካይ ነው። «ው» ውሃ ቀጂ፣ «ቆ» መቃብር ቆፋሪ። ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሌዎች ሲባል ከፊደሉ ጎን ሥዕል ይጨመራል። ሥዕሉን የሚሥለው ጸሐፊያችን ሙዘይን ነው፤ ባለ ጨርቅ ሱቁ። ጽሕፈቱ ያማረ ነው፣ ሥዕሉን ግን ባንነካው ይሻላል። የሙዘይን አካፋ ማንኪያ ይመስላል። በዚህ የተነሳ አንድ አዲስ አባል ወጥ ቤት የተመደበ መስሎት ሰሃን ይዞ መቃብር ቦታ ተገኝቶ ያውቃል።

ምልክቱ በሰሌዳው አያበቃም፤ ድስቶቹም አላቸው። የሙስሊሞቹ ድስት ላይ ጨረቃ፣ የኦርቶዶክሶቹ ላይ መስቀል በቀለም ተቀብቷል። ጴንጤዎቹ የእናንተስ ምን ይሁን ተብለው ሲጠየቁ፣ ጌታ የእሱን ያውቃል ብለው ድስታቸውን ባዶ ተውት። ከዚያ ወዲህ በመፈግፈግ ብዛት ቀለሙ የለቀቀ ድስት ሁሉ ሃይማኖት ይለውጣል። ንብረት ያዧ በየዓመቱ ቀለም የምታድሰው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ራሴ ፊደል ልምጣ። የእኔ «ሐ» ነበር። ሐዘንተኛ ማለት ነው።

ምሕረት፣ የልጄ እናት፣ ባለፈው ዓመት ሞተች። ታመመች፣ ሆስፒታል ገባች፣ አልወጣችም። ከዚህ በላይ አልጽፍም። እድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ መቃብሩን ቆፈረ፣ ሰውን አበላ፣ እኔን ደግፎ አስቀመጠኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? የእኔን ሎሚ ተካፍለው ተሸከሙልኝ። ይህን አልረሳውም። የማወራችሁ ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው።

ስሙ አጠገብ ሐ ያለበት ሰው ሥራ አይታዘዝም። ቢቀር አይቀጣም። መደገፊያ ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር አለን፤ የሱ ነው። አጠገቡ አይቀለድም። የሚያገኘው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ፤ ሁሉም ያልፋል» ይለዋል። መልካም ሥርዓት ነው። ጀማሪ ሐዘንተኛ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል?

ችግሩ እየቆየ ነው የመጣው። እኔ ጎሚስታ ነኝ። በቡና ወቅት ከወርቃና ከኮቸሬ የሚወርዱ መኪኖች ጎማቸው እየተበሳ እኔ ጋ ይቆማሉ፤ በሌላው ጊዜ ባጃጅ አለ። ደስታ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ወዳጄ ነው። ድሮ ጎማው በፈነዳ ቁጥር፣ ሚስማሩን መንገድ ላይ የሚበትነው ይሄ ጎሚስታ ነው እያለ ሰፈሩን ይሰበስብብኝ ነበር። ምሕረት ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር፤ አንዳንዴም፣ ማታ ማታ ሲወጣ አይቼዋለሁ ብላ ትመሰክርብኝ ነበር። ሐ ከተጻፈብኝ ወዲህ ግን ደስታ ባጃጁን ጥግ ያስይዛል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ የጠራሁትን ዋጋ ሳይከራከር ይከፍላል፣ «አይዞህ፤ ሁሉም ያልፋል» ብሎኝ ይሄዳል። አንድ ቀን ሆን ብዬ እጥፍ ጠራሁበት። ከፈለ። እዚያ ላይ ነው የደነገጥኩት።

ለእኔስ ግድ የለም። ሳሮን ግን አራት ዓመቷ ነው። እጇን ይዤ ሱቅ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። ሳቅ የነበረበት ቤት ደጃፉን ስንረግጥ ዝም ይላል። እሷ ከሳቀች ሴቶቹ «ውይ እናቴ» ብለው ራሷን ይዳብሷታል፤ ሳቋንም ትውጠዋለች። አንድ ቀን ከሱቅ ስንመለስ እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ እኛ ስንመጣ ሰው ለምን ይተኛል?»

ያን ቀን ይህን ሐ ማስፋቅ እንዳለብኝ ወሰንኩ። ልጄ በተኛ ሰፈር ውስጥ ልታድግ አይገባም።

ሙዘይን ጋ ሄድኩ። ደንቡን ነገረኝ፤ እሱ ይጽፋል እንጂ አይፍቅም፣ የሚፍቀው ዳኛው ብቻ ነው። ጠመኔ አይደል፣ እኔው በእጄ ልጥረገው አልኩት። ሙዘይን አሥር ሜትር ጨርቅ በዱቤ የጠየቅኩት ያህል ፊቱ ተለዋወጠ። የራሱን ምልክት የነካ ሰው በዚህ እድር ታይቶ አይታወቅም፤ ዳኛው እንኳ የራሳቸውን አይነኩም አለኝ።

ዳኛችን ጋሽ በራሶ ናቸው። ሽማግሌ፣ ደግ፣ ደንብ አክባሪ ጌዴኦ። በእርጋታ ሰሙኝና፣ ሐ የሚፋቀው ሐዘንተኛው በሌላ ሰው ሐዘን ላይ ሥራ ሲይዝ ነው፤ ያኔ ሐዘኑ ከራሱ ወጥቶ ወደ ሌላው ሄደ ይባላል አሉኝ። ጥሩ ንግግር ነው። ደስ ብሎኝ ወጣሁና በሚቀጥለው ቀብር አካፋ አነሳሁ። ቆፋሪዎቹ ከእጄ ቀሙኝ፤ ሐ አለብህ እኮ አሉኝ። ውሃ ልቅዳ ብል ጀሪካኑን ነጠቁኝ። ሰሃን ላንሳ ብል ሁለት ሰው ደግፎ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ሐ ስላለብኝ ሥራ አይሰጡኝም፤ ሥራ ስለማልይዝ ሐ አይፋቅልኝም። እንዲህ ያለ ቋጠሮ ፍርድ ቤት ውስጥ አለ ሲባል እሰማ ነበር፤ እድር ውስጥ ይኖራል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

እንዲህ እንዳለሁ የጎረቤታችን እናት አረፉ። ዕድሜያቸውን እሳቸውም የረሱት አሮጊት ነበሩ፤ ልጃቸው ራሱ፣ ሞት ቤታችንን ስቶት ነው እንጂ ድሮ ይመጣ ነበር እያለ ነው ያረዳን። ጥሩምባው ተነፋ። ሳሮንን ይዤ ሄድኩ። ድንኳኑ በመተከል ላይ ሳለ የዲላ ዝናብ መጣ። የዲላ ዝናብ ደግሞ ጉም ጉም ብሎ አያስጠነቅቅም፤ መጥቶ ነው የሚያስታውቀው። መካከለኛውን ምሰሶ የያዘው ልጅ የተነቀለ ካስማ ሊመታ ሮጠ። ምሰሶው ዘመም ማለት ሲጀምር ከወንበሬ ተነሳሁና ያዝኩት።

ያዝኩት። ማንም አልቀማኝም። ሸራው ይርገበገባል፣ ውሃው በአንገቴ ይወርዳል፣ እኔ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ እጄ ሥራ ላይ ነው። ጋሽ በራሶ ከዝናቡ ሸሽተው ሸራው ሥር ገብተው ቆመዋል። ሴቶቹ ሳሮንን ይዘው በረንዳው ላይ ናቸው።

ታዲያ ግራና ቀኝ ገመድ የያዙት ሁለቱ ባለ «ድ» ሰዎች ዞር ሲሉ አዩኝ። ሐዘንተኛ ምሰሶ ይዟል። ነውር ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በፍጹም ትሕትና፣ ሊቀበሉኝ ገመዳቸውን ለቀው መጡ።

ድንኳን በትሕትና አይቆምም። እኔ ወደ ጭቃው፣ ምሰሶው ወደ አጥሩ፣ ውሃ ያቆረው ሸራ ጋሽ በራሶ ላይ።

ሰፈሩ ጸጥ አለ። ከሸራው ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ከዚያ የጋሽ በራሶ ድምፅ ወጣ፦

«ምሰሶዋን ማነው የያዛት?»

ደስታ ነው በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስሜን የተናገረው። አሁን አይዞህ ሊሉኝ ነው፣ አለቀልኝ ብዬ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከሸራው ሥር ያው ድምፅ ተመልሶ መጣ፦

«ጎማ ነፍቶ ለሚኖር ሰው ድንኳን የሰጠ ማነው? በነፋስ ትቆማለች ብሎ ነው?»

መጀመሪያ የፈነዳው የሟች ልጅ ነው። ሟች ዕድሜ ጠግበው ሲሞቱ ልጅ ቢስቅ አይነወርም። እሱ ከሳቀ ማን ይቀራል? ደስታ አጥሩን ይዞ ሳቀ። ገመድ የለቀቁት ሁለቱ ተደጋግፈው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ካለቀስኩም በዝናቡ መሃል ማንም አላየም። ሳሮን ከሴቶቹ እጅ አምልጣ ጭቃውን እየረገጠች መጣች።

«አባዬ፣ ሰዎቹ ነቁ!» አለችኝ።

በማግስቱ እድሩ ቤት ክርክር ሆነ። ድንኳን የጣለ ሰው ሥራ ይዟል ይባላል ወይ? ሙዘይን ደንቡን አገላብጦ አጣው። ጋሽ በራሶ ግን ያጠፋ ሰው ሠርቷል ማለት ነው፣ የተቀመጠ ምን ያጠፋል ብለው ፈረዱና ሐውን በእጅጌያቸው ፈቁት። በቦታው «ቆ» ተጻፈልኝ፣ ከነማንኪያው። ከጎኑ ደግሞ ሙዘይን የወደቀ ሦስት ማዕዘን ጨመረበት፤ ይህ ሰው ድንኳን አጠገብ እንዳይደርስ ማለት ነው። በሥዕል ረገድ የተሳካለት ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። በክረምት የዲላን ቀይ ጭቃ ቆፍራችሁ ታውቃላችሁ? አንዱን አካፋ ስትጥሉ ሁለቱ ተመልሶ ይገባል። ደስታ በበኩሉ በየቀኑ እየመጣ ይጨቃጨቀኛል፤ ሚስማር በታኙ የሚለው ስም ተመልሷል፤ አሁን የምትመሰክርብኝ ሳሮን ናት።

መደገፊያ ያለው ወንበርም ባለቤት አላጣም። የጋሽ በራሶን ወገብ ያ እርጥብ ሸራ ሳይነካው አልቀረም። ሙዘይን ስማቸው አጠገብ «ታ» ጻፈ፤ ታማሚ ማለት ነው። ሥራ አይታዘዙም፣ አጠገባቸው አይቀለድም። ወገባቸው ከዳነ ቆይቷል። ግን ምልክት የሚፍቀው ዳኛው ብቻ ነው፤ ዳኛው ደግሞ የራሱን ምልክት አይነካም።

ትናንት ጎሚስታ ቤቴ ድረስ መጡ። ሳቃችንን ሰምተው ነበር፤ ሲደርሱ ሁላችንም ዝም አልን። ባዶ ጎማ ላይ ተቀመጡና፣ እስቲ አንተ ደርሶብሃል፣ መላ በለኝ አሉኝ።

ኮፍያዬን አወለቅኩ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«አይዞዎት፣ ጋሽ በራሶ» አልኳቸው። «ሁሉም ያልፋል።»