ጋሽ ዲዳና የሞምባሳ ፍየል

የትም አገር ሂዱ፣ የሌላውን ከተማ ኑሮ ከዚያው ከተማ ነዋሪዎች አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሰፈሩ ወጥቶ አያውቅም። ያየ ሰው ይጠራጠራል፤ ያላየ ግን እርግጠኛ ነው። በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር ጋሽ ዲዳ ናቸው።

ዲዳ በቦረና ዘንድ ደህና የወንድ ስም ነው። አማርኛ የሚሰማው የከተማው ሰው ግን ስሙንና ሰውየውን ባንድ ላይ ሲያስብ ሳቁን መቻል ያቅተዋል፤ የጋሽ ዲዳ አፍ ተዘግቶ ያየ የለምና።

ጋሽ ዲዳ ሄሉ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ አላቸው። አልጋ፣ ፍራሽ፣ የከሰል ምድጃ፣ አንድ እግሩ የጎደለ ጠረጴዛ ይሸጣሉ። ዕቃውን የሚገዙት ከተማውን ለቅቀው ከሚሄዱ ሰዎች ነው። ፖሊሱ ሲቀየር፣ ነርሷ ስትዛወር፣ ነጋዴው ሲከስር፣ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ነገሩ በንግድ ሕግ ቢሄድ ኖሮ ጋሽ ዲዳ ጧት ማታ ሰው እንዲሰደድ ዱዓ ማድረግ ነበረባቸው። እሳቸው ግን ማንንም አያስኬዱም። አንድ ሰው "ልሄድ ነው" ካለ እንደ ለቅሶ ደራሽ አንገታቸውን ይደፉና "ወዴት? ናይሮቢ? ፖሌ ሳና፣ አዝናለሁ" ይላሉ። ከዚያ ሂሳቡ ይጀመራል። ገበያውን በገዛ ምላሱ የሚያባርር ነጋዴ በድንበሩ በሁለቱም በኩል ሌላ አልተገኘም።

ሂሳቡ ታዲያ በሽልንግ አይደለም፤ በብርም አይደለም። "ብርም ይወድቃል፣ ሽልንግም ይወድቃል" ይላሉ ጋሽ ዲዳ፣ "ፍየል ግን ብትወድቅ ተነስታ ትሄዳለች።" ስለዚህ የቤት ኪራዩም፣ ዱቄቱም፣ ውሃውም፣ የማታቱ ታክሲ መሳፈሪያውም በፍየል ይመነዘራል። ናይሮቢ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ሁለት ፍየል ከአንድ ቅልጥም ነው። ናኩሩ ከሆነ ቅልጥሙ ይቀራል። ሀዋሳ አንድ ፍየል ተኩል። ግማሿ ፍየል በየትኛው ገበያ እንደምትገኝ የጠየቃቸው ሰው እስካሁን መልስ አላገኘም።

ዋጋውን ከየት ያመጡታል ቢሉ፣ ከአውቶቡሱ ነው። ከናይሮቢ የመጣው አውቶቡስ ገና ሞተሩን ሳያጠፋ ጋሽ ዲዳ በሩ ላይ ይቆማሉ። ተሳፋሪው እግሩ መሬት ሳይረግጥ "ቲማቲም ስንት ገባ?" ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ በመንገድ ያደረች፣ ከሽንት ቤት በቀር በዓለም ላይ ምንም የማትፈልግ ሴት እንኳ የጎመኑን ዋጋ ሳትናገር አታልፍም። አንዳንዱ ቶሎ ለመገላገል አፉ ላይ የመጣለትን ቁጥር ይነግራቸዋል። እሳቸው ግን ውሸቱን ፊቱ ላይ ያነቡታል። "ሀፓና፣ አይደለም፤ ይሄ ያምናው ዋጋ ነው" ብለው ወደሚቀጥለው ይዞራሉ።

አንድ ጊዜ ወንድሙ ኤልዶሬት የሞተበትን ሰው ሊያስተዛዝኑ ገቡ። "ደግ ሰው ነበር፣ አላህ ይማረው" ካሉ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ለቀስተኛው ሐዘን የጠናባቸው መሰለው። በመጨረሻ ወደ ባለ ሐዘኑ ጠጋ ብለው "ለመሆኑ፣ የተከራየው ቤት ውሃ ይጨምር ነበር?" አሉት።

እሳቸው ራሳቸው በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ራቅ ብለው የተጓዙት። ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ማርሳቢት ሄደው በማግስቱ ተመለሱ። ስለ ከተማው የተጠየቁትን ሲመልሱ "ሕዝቡ ደህና ነው። ሻይ ግን ውድ ነው፤ ማኘክ እንኳ የማይፈልግ ነገር!" አሉ።

የስልክ ጠጋኙ አብዱራሺድ ናይሮቢ ሊገባ ሻንጣውን ዘግቶ ነበር። ከጋሽ ዲዳ ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ተመልሶ ሻንጣውን ፈታ። ብራያን የሚባል ከወዲያ ከምዕራብ ኬንያ የመጣ ወጣት አስተማሪ ደግሞ ወደ ትውልድ ከተማው ሊዛወር ሲል በፍየል ተሰልቶለት ሐሳቡን ለወጠ። እናቱ ስልክ ደውላ "የገዛ ቤቴን ለልጄ ውድ ነው ያለው ሰው ማን ነው?" ብላ ጮኸች አሉ።

ሻምሳ ይህን ሁሉ ስታይ የኖረችው ከፊት ለፊት ሆና ነው። የልብስ ስፌት ቤቷ በር ከጋሽ ዲዳ ሱቅ ጋር ትይዩ ነው፤ ቀና ባለች ቁጥር የምታየው እሳቸውን ነው። የሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች። እጇን የሚያውቁ ሙሽሮች ከኢትዮጵያ በኩል ሳይቀር እየተሻገሩ ይመጡላታል። ወላጆቿ ከወሎ በስደት መጥተው እዚህ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። እናቷ እስክትሞት ድረስ "ሰው በዕድሜው አንዴ ይነቀላል፤ ሁለተኛ ከተነቀለ አይጸድቅም" ትላት ነበር። ሻምሳ ይህን ነገር እንደ ውርስ ተቀብላው፣ ከኢሲኦሎ ወዲያ ሳታልፍ አርባ ዓመቷን ልትደፍን ነው።

ታላቅ እህቷ ኑርሀን ሞምባሳ ትኖራለች፤ የሙሽራ ልብስ ቤት አላት። አንድ ሰኞ ደወለችና "ሥራው በዛብኝ። ነይና እኩል እንካፈል" አለቻት። "እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ካልመጣሽ ሌላ ሰፊ አስገባለሁ።"

ሻምሳ ስልኩን ዘግታ የተሰቀሉትን ቀሚሶች ቆጠረች። ድንበሩ በተዘጋ ቁጥር ሙሽሮቹ ማዶ ይቀራሉ፤ ያለቀ ቀሚስ እንደተሰቀለ ሳምንታት ያልፋሉ። ሞምባሳ ብትሄድ ሥራዋ ሥራ ይሆናል፤ ይህን ታውቃለች። ግን ፈራች። "ፈራሁ" ብሎ ለታላቅ እህት መንገር ደግሞ ደስ አይልም። "ውድ ነው አሉኝ" ማለት ይሻላል። ስለዚህ ማክሰኞ መንገዱን ተሻግራ ጋሽ ዲዳ ዘንድ ሄደች። እህቷን የምትላትን ሁሉ አስቀድማ አዘጋጅታለች፤ የቀራት የፍየሉ ቁጥር ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ሞምባሳ ልሂድ ይሆን? እስቲ አስሉልኝ" አለቻቸው።

ፖሌ አላሉም። አንገታቸውንም አልደፉም። ዓይናቸውን ጨፍነው የጣታቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው እየነኩ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ።

"ሞምባሳ በወር አምስት ፍየል" አሉ። "ሞያሌ ስምንት።"

"ምን?"

"ስምንት። ሂጂ ልጄ። ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

ሻምሳ መንገዱን መልሳ ስትሻገር ሞተር ብስክሌት ሊገጫት ነበር። ይህ ሰው የአስተማሪውን እናት ቤት እንኳ ውድ ነው ያለ ሰው ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ማንንም ሂድ ብሎ አያውቅም። እሷን ሂጂ አላት።

አብዱራሺድ ነገሩን ሲሰማ የሚፈታውን ስልክ አስቀምጦ ሳቀ። "አልገባሽም? የእናትሽን ቁም ሳጥን ተመኝቶ ነው! ባለ መስታወቱን። ሙዜው፣ ሽማግሌው፣ ዞሮ ዞሮ ነጋዴ ነው።"

ሻምሳ "ተው እንጂ" ብትለውም ነገሩ ገባባት። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እሷ ተንዳ ጋሽ ዲዳ ሊልሱ ነው ማለት ነው። እናቷ ስትሞት ቀብሩን የቆሙላት፣ ጣሪያዋ ሲያፈስ ቆርቆሮ ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው። ረቡዕን ሙሉ በጋሽ ዲዳ በኩል ያለውን በሯን ዘግታ ሰፋች። መከፋት ብቻ አልነበረም፤ በጣም ተቀየመቻቸው።

ሐሙስ ጧት ጨርቅ ስትቆርጥ መቀሷ ቆመ። በወር ስምንት ፍየል? እሷ? ብቻዋን የምትኖር፣ ሽሮና ሩዝ የምትበላ ሴት? በወር ስምንት ፍየል ብትጨርስ ኖሮ ሰፈሩ ጅብ ናት ብሎ ያባርራት ነበር። ኪራይዋን ታውቃለች፤ ባህያ ጋሪ የሚመጣላትን የጀሪካን ውሃ ታውቃለች። ሁሉም ተደምሮ ሦስት ፍየል ቢሆን ነው። ጋሽ ዲዳ ደግሞ ቢዋሹ ይዋሹ ይሆናል እንጂ ሂሳብ አይሳሳቱም፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ዋሽተውም አያውቁም።

መቀሱን እንደያዘች ተሻገረች።

"ጋሼ፣ ያቺ የኔ ፍየል ስንት ዓመቷ ነው?"

ጋሽ ዲዳ ፍራሽ እያራገፉ ነበር። ማራገፋቸውን ቀጠሉ።

"የቷ ፍየል?"

"የሞያሌዋ። ስምንት ያሏት።"

"ፍየል ፍየል ነው።"

"አይደለም። የሞምባሳውን በምን ቆጠሩት?"

ፍራሹን አስቀመጡት። ዙሪያውን ተመለከቱ፤ የሚያድናቸው ደንበኛ አልነበረም። "በሙክት" አሉ ቀስ ብለው።

"የሞያሌውንስ?"

"በግልገል።"

ሃያ ዓመት ሙሉ ብርንም ሽልንግንም ሳያምኑ በፍየል ብቻ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው በሁለት ፍየል ተያዙ። ሻምሳ ልትስቅ ፈለገች፤ ግን ቂሟ አልለቀቃትም።

"ለቁም ሳጥኔ ብለው ነው አይደል? ንገሩኝ።"

ጋሽ ዲዳ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እንደ ተመታ ሰው ጎበጥ ብለው ከጠረጴዛው ዳር ተቀመጡ። ለጥቂት ጊዜም ስማቸውን መሰሉ።

"ስሚ ልጄ" አሉ ኋላ። "እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ሁሉ ለመሄድ አይመጣም። ለመሄድ የቆረጠ እኔን ምን ያደርገኛል? አውቶቡስ ይይዛል። እኔ ጋ የሚመጣ ፈርቶ ነው። 'ዲዳ ውድ ነው አለኝ' ለማለት ነው። እኔም እሰጠዋለሁ፤ ሰበብ ነው፣ ምን ይጎዳል? አንቺም ለዚያ ነው የመጣሽው። በሩን አልፈሽ ስትገቢ አይቼሻለሁ።"

ሻምሳ መቀሷን በእጇ አገላበጠች።

"በአንድ ፍየል ከቆጠርኩ ሞምባሳ ይበልጣል፤ ትቀሪያለሽ። ብትቀሪ ደግሞ እኔ ደስ ይለኛል። ጧት በሬን ስከፍት የማየው ሰው አንቺ ነሽ፤ ልጅ የለኝም፣ ታውቂያለሽ። ደስ እንደሚለኝ ሳውቅ በራሴ ሂሳብ ማመን አቃተኝ። ይሄ ሽማግሌ ለራሱ ነው የሚቆጥረው አልኩ። እጅሽን ደግሞ አያለሁ። እንደዚህ ያለ እጅ ይዘሽ ቀሚስ ሰቅለሽ ድንበር ሲከፈት ትጠብቂያለሽ። ስለዚህ ግልገል አደረግኳት። ባሲ፣ በቃ፣ ጥፋት ነው። ይቅር በይኝ።"

ሻምሳ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቂሙ ከሆዷ ወጥቶ የት እንደገባ አላወቀችም።

"በሉ አሁን በአንድ ፍየል ቁጠሩልኝ" አለች።

"ተይ።"

"ቁጠሩልኝ ጋሼ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንጓቸውን ነካኩ። "በሙክት፣ ሞያሌ ሦስት። ሞምባሳ አምስት።" ዓይናቸውን ከፈቱና ሳያስቡት ፊታቸው ፈካ አለ። "ውድ ነው ልጄ። ኪራዩ ብቻ ጉድ ነው! ሙቀቱ ደግሞ አለ፤ ሰውን ያከስላል ይላሉ፤ አሣውም ቢሆን…"

"እሄዳለሁ" አለች ሻምሳ።

"አምስት ነው እኮ!"

"ሁለቱን ፍየል ሰፍቼ አመጣቸዋለሁ። ፍርሃቴን እኮ ነው በፍየል ያስቆጠርኩት።"

ጋሽ ዲዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የኑርሀን ቤት ከዋናው መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ውሃ ይጨምር እንደሆነ፣ አከራዩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይጠይቋት ጀመር። ሻምሳ የምታውቀውንም የማታውቀውንም መለሰች። ዓርብ ጧት ለእህቷ ደውላ "እመጣለሁ" አለቻት።

መሄጃዋ ሲደርስ የስፌት መኪናዋን በአውቶቡስ አስጫነች። የቀረውን፣ አልጋውን፣ ምድጃውንና የእናቷን ባለ መስታወት ቁም ሳጥን እንዲገዟት ጋሽ ዲዳን ጠራች። መጡ። እንደ ልማዳቸው የአልጋውን እግር ነቀነቁ፣ የቁም ሳጥኑን በር ከፍተው ዘጉ፣ ጀርባውን በጣታቸው አንኳኩ። አብዱራሺድ ዋጋውን ሊሰማ በር ላይ ቆሟል።

"አልገዛም" አሉ ጋሽ ዲዳ።

"ምን ጎድሎት?" አለች ሻምሳ ደንግጣ።

"ምንም አልጎደለውም። ዕቃው ጥሩ ነው።"

"ታዲያ?"

"እኔ የምገዛው ለቅቆ ከሄደ ሰው ነው፤ ይሄ ይቀመጥልሻል" አሉና አብዱራሺድን ባንድ በኩል እንዲይዝላቸው ጠሩት። ቁም ሳጥኑን ይዘው መንገዱን ተሻገሩ፤ የሱቁን በር አልፈው ወደ መኖሪያ ቤታቸው አስገቡት። ሻምሳ ባዶ ክፍሏ ውስጥ ቆማ አለቀሰች፤ ለቅሶዋንም ከማንም አልደበቀችም።