ታቦት የሌለበት ደን

ሰው ከአገር ሲወጣ ሻንጣውን ይመዝኑበታል፤ ዓይኑን የሚመዝንለት ግን የለም። እኔም ከጎንደር ተነስቼ ዌልስ ድረስ ስሄድ፣ ልጄ ያዘዘችኝን በርበሬና ሽሮ ኪሎ በኪሎ አስመዝኜ፣ ዓይኔን ግን እንዳለ ይዤው ገባሁ። የደጋ ዓይን። ምን ማለት እንደሆነ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ኮረብታው ሁሉ ታርሶና ተግጦ ራቁቱን ቀርቶ ሳለ፣ ድንገት ከአንዱ ጉብታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ታያላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው ባይታይም ነው። ተሳፋሪው ወሬውን ሳያቋርጥ ከወንበሩ ትንሽ ብድግ ይላል፣ ያማትባል፣ ይቀመጣል። እኛ ዘንድ ዛፍ ተሰብስቦ ከቆመ እዚያ ታቦት አለ ማለት ነው።

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የዓለምን ደን በየዓይነቱ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስስል ነው የኖርሁት። እውቀቱ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ እንጂ ወደ እጄ አልወረደም። ይህንን ያወቅሁት ዌልስ ሄጄ ነው።

ከመሄዴ በፊት አንድ ወረቀት እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ፀዳ በኩል ባለው ደብራችን የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሰፈሩ በየወሩ አዲስ ቤት ይበቅልበታል፣ ምእመኑም ጨምሯል፤ ስለዚህ አዳራሽ ያስፈልገናል ተባለ። ቦታው ደግሞ ሰባት ታላላቅ ጽዶች የቆሙበት የቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሆነ። ጽዶቹ ይቆረጡ የሚለው ወረቀት ላይ ከእኔ በቀር ሁሉም ፈረመ። የተቃወሙት የግቢው ዘበኛ አያ አዛናው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በጉባኤው ድምፅ የላቸውም። ከደጅ ቆመው «ስለ እግዚአብሔር ተዉአቸው፤ እነዚህን ጽዶች አባቴም ጠብቋቸዋል» ብለው ለመኑ። ቄሰ ገበዙ በትሕትና «እንጸልይበታለን» አሏቸው። እንዲህ ከተባለ ነገሩ እንዳለቀለት እናንተም ታውቃላችሁ። እኔ ለመፈረም እጄ ከበደኝ፣ ለመቃወም አፌ ከበደኝ። «ስመለስ እፈርማለሁ» አልሁና ወረቀቱ ከፓስፖርቴ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ ተጓዘ።

ልጄ ሰናይት እዚያ ነርስ ናት። በመጀመሪያው እሑድ ገጠሩን ላሳይህ ብላ በመኪናዋ ይዛኝ ወጣች። ግንቦት ነው። ኮረብታው እንደኛው ራቁቱን ነው፤ በጎች ግጠውታል። የድንጋይ ካቡ ሽቅብ ቁልቁል ይሄዳል፣ ጭጋጉ ይወርዳል፤ ደባርቅ ደርሰናል ብዬ ልምል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ከአንዱ ጉብታ ላይ የዛፍ ጥቅጥቅታ ታየኝ። ብድግ ብዬ አማተብሁ። ትንሽ ሄድን፣ ሌላ። ብድግ። የመኪናው ቀበቶ እየጎተተ መልሶ ያስቀምጠኛል። ስድስተኛው ላይ ስደርስ፣ ምን ዓይነት ሃይማኖተኛ አገር ነው ብዬ በልቤ ሳደንቅ፣ ሰናይት በጎን አየችኝና «አባዬ፣ ወገብህን አመመህ እንዴ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኋት። ውጭ አገር ብዙ ሲቆዩ ማማተብም ይረሳል ማለት ነው ብዬ አዘንሁላት።

መኪናዋን ያቆመችው ከአንድ ትልቅ ደን ደጃፍ ነው። ነጠላዬን አጣፋሁ። የእንጨቱን በር መቃን ተሳለምሁ፣ ሦስት ጊዜ ሰገድሁ። ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ከነውሻው አጠገቤ ቆሟል። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዟል። ውሻውም ቁጭ ብሏል።

«አባዬ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ የለም» አለች ሰናይት ፊቷ ቀልቶ። «ደን ብቻ ነው።»

«ብቻ?» አልሁ።

እስቲ ይህን ደን ብቻ የተባለውን ልንገራችሁ። ኦክ የሚሉት ዛፍ ቅርንጫፉን እንዳሻው አጣሞ፣ ከግንዱ እስከ ጫፉ ለምለም የዛፍ ሽበት ለብሶ ቆሟል። ከሥሩ መሬቱ በሙሉ ሰማያዊ አበባ ነው፤ ከመንገዷ ብትወጡ እግር ማሳረፊያ የላችሁም። ጅረቱ ጠጠሩ እስኪቆጠር ጠርቷል። አንድም የመጥረቢያ ጠባሳ ፈልጌ አጣሁ። የገረመኝ ሌላው ነገር፣ ማንም ሳያዘን ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንሄደው። ሸጋ ነበር። ደስ አለኝ፣ ቀናሁም።

ሽማግሌው ግዊን ይባላል፣ በግ አርቢ ነው። አብሮን ሊሄድ ፈቀደ። የእኔ እንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ ነው፣ የእሱም ቢሆን ከዌልስኛው ቀጥሎ ሁለተኛ ቋንቋው ነውና ረጋ ብለን ተግባባን። ደኑ ከእሱ መሬት ጋር ይዋሰናል። ከወዲህ በኩል የነበረውን ዛፍ አባቱ ለበግ ግጦሽ ብሎ ጨርሶታል። እሱ ደግሞ ከገዛ ግጦሹ ቆርሶ አጠረ፤ ችግኙ ራሱ በቀለ። ወገቡ ላይ የደረሰውን አንዱን በጣቱ ነካ አድርጎ አሳየኝ።

«መቼ ዛፍ ይሆናል?» አልሁት።

«እኔ አላየውም» አለ።

«ታዲያ ምነው ደከምህ?»

ትከሻውን ሰበቀ። «አባቴ ሲቆርጥ ቆሜ አይቻለሁ።»

ከደኑ የሚቆርጥ ሰው ምን ይደረጋል ብዬ ጠየቅሁት። ያፍራል፣ አለ። ማፈር ብቻ ነው? እኛ ዘንድ ግዝት አለ፣ አልሁት፤ ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ። ደኖቻችን የቤተ ክርስቲያን እንደሆኑ፣ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ቅጠል የበጠሰ እንደሌለ፣ የኛም ደብር ሰባት ጽድ እንዳለው ነገርሁት።

«እና ማንም አይቆርጣቸውም?» አለ።

ቦርሳዬ ከነወረቀቱ ትከሻዬ ላይ ነበር። «በፍጹም» አልሁ።

«ታድላችሁ» አለና ቆመ። «አንድ ቀን ባያቸው ደስ ይለኛል።»

«ና እንጂ» አልሁት። እንዲህ ያለ ግብዣ እኛ ዘንድ ከሰላምታ እንደሚቆጠር ታውቃላችሁ፤ እሱ ግን እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። ስንወጣ በሩን አልተሳለምሁም። አፍሬ ነው።

በተመለስሁ በሳምንቱ ጉባኤው ተጠራ። ወረቀቱን አውጥቼ ዘረጋሁ፣ እስክሪብቶ አቀበሉኝ። ስለ ግዝት ልናገር አሰብሁ፤ ግዝቱን ከእኔ በላይ የሚያውቁት ካህናቱ ፈርመዋል። ስለ አባቶች ልናገር አሰብሁ፤ እሱን አያ አዛናው ተናግረውታል። ሳላስበው አፌ «አንድ ፈረንጅ እነዚህን ጽዶች ለማየት ይመጣል፤ ቃል ሰጥቼዋለሁ» አለ።

ቄሰ ገበዙ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። «ምነው ቀድመህ አትናገርም?» አሉኝ። ሻይ ቀርቦ ሳይቀዘቅዝ አዳራሹ ድንጋይ ወደተከመረበት ባዶ ቦታ ተዛወረ። ጽዶቹ እንዲታጠሩ፣ ግቢው እንዲጠረግ፣ ለእንግዳውም ጋቢ እንዲዘጋጅ ተወሰነ። ስለ እግዚአብሔር ሲለመን ያልሰማ ጉባኤ ስለ ፈረንጅ ሲሰማ ልታዘብ ብዬ ነበር። ግን እኔስ ያፈርሁት አያ አዛናው ሲለምኑ ነው እንዴ? ግዊን ሲያደንቀን ነው እንጂ። ትዝብቴን ዋጥሁና ቃለ ጉባኤውን ጻፍሁ።

ስወጣ አያ አዛናው ከትልቁ ጽድ ሥር ጠበቁኝ።

«ሰውየው መቸ ነው የሚመጣ?» አሉ።

«አያ፣ ለእርስዎ አልዋሽም። መምጣቱንም እንጃ።»

ግንዱን በመዳፋቸው እየዳበሱ ቆዩ።

«ሸጋ» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲያው ጻፍለትና አይምጣ በለው። መጥቶ አይቶ የሄደ እንደሆን በማግስቱ ይቆርጧቸዋል። እሱን እየጠበቅን እንኑር።»