ጋሼ ታደለ ያከሱት ዝሆን

በየከተማው አንድ አጣጣይ አለ። ከተማ የሚባለው መብራትና ማዘጋጃ ቤት ያለው ቦታ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አጣጣይ የሌለው ቦታ ገና ከተማ አልሆነም ባይ ነኝ። አጣጣይ ማለት እናንተ ደስ ብሏችሁ የያዛችሁትን ነገር አይቶ፣ ዞር ዞር ብሎ፣ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ "ክፉ ነው አልልም፤ ግን…" የሚል ሰው ነው። ከዚያች "ግን" በኋላ የሚመጣውን ሰምቶ በንብረቱ እንደኮራ የቀረ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ወረታ በዚህ በኩል አልተበደለችም። ክቡር አቶ ታደለ፣ የከብት ተራው ሊቀ አጣጣይ፣ የሰባ በሬ ሁሉ ባላንጣ፣ እኛ በአጭሩ ጋሼ ታደለ የምንላቸው ደላላ አሉን። በሬ የሚፈልግ ሰው እሳቸውን ይዞ ገበያ ይወጣል። ሌላ ደላላ ዋጋውን ለማውረድ ይታገላል። ጋሼ ታደለ ዋጋውን አይነኩትም፤ በሬውን ነው የሚያወርዱት።

አንድ የገበያ ቀን ከአንበሳሜ የመጣ ገበሬ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆነ፣ ሻኛው የቆመ የፎገራ በሬ ይዞ ቆሟል። ጋሼ ታደለ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ዞሩት።

"ክፉ ነው አልልም፤ ግን ደከም ያለ ይመስላል።"

"ኧረ ጋሼ፣ ትናንት ሙሉ ቀን ሲያርስ የዋለ በሬ ነው።"

"እኮ። ደክሞታል።"

ከዚያ የበሬው ዓይን አዘነ፣ ጅራቱ አጠረ፣ ሻኛው ወደ ቀኝ ዘመም አለ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ባለቤቱ ራሱ አንገቱን እያሻሸ "ምን ነክቶህ ነው?" ይለው ጀመር። በሬው በማግሥቱ ከአዲሱ ጌታው ጋር ርብ ወንዝ አጠገብ ደረቅ መሬት እንደ ቂጣ ሲገለብጥ ታየ።

ለሰውም ለውሃም አይመለሱም። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረዱ። "ክፉ ነው አልልም፤ ግን ለብ ያለ ነው" እያሉ እስከ አንገታቸው ተነክረው ዋሉ፤ ተረኛው ሕዝብ ተሰብስቦ እስኪለምናቸው አልወጡም።

እኔ ቻላቸው እባላለሁ፤ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ሞተር አንቀሳቃሽ ነኝ። ከሳቸው ጋር ያገናኘን በሬ ሳይሆን የመጫወቻ ካርታ ነው። ካርታውን ወደ ከተማችን ያመጣው የባለሱቁ የሐጂ ሳልህ ልጅ አብዱልአሊም ነው። ባሕር ዳር ሲማር የአውሬ ሥዕል ያለበት የካርታ ጨዋታ አይቶ፣ የራሱን በአማርኛ ሠርቶ፣ በወፍራም ወረቀት አሳትሞ በታሸገ ፖስታ ይሸጣል። ፖስታው ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ለአንዱ አንበሳ ይወጣል፣ ለሌላው ዶሮ። ሰው የማይፈልገውን ይለዋወጣል፤ ከሰበሰበው መርጦ የራሱን ክምር ያበጃል። ቅዳሜ ከሰዓት ሐጂ ሳልህ በረንዳ ላይ እንጋጠማለን።

ሕጉ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ፊቱ አምስት ቦታ አለው፤ አውሬዎቹን እዚያ ያቆማል። ካርታው ጥግ ላይ የአውሬው ጉልበት በቁጥር ተጽፏል። ሁለት ሲጋጠሙ ጉልበተኛው ያልፋል፤ አልፎ ከአምስቱ ቦታ ኋላ ያለው የባላጋራው በረት የገባ ያሸንፋል። ከአውሬዎቹ ሌላ የችግር ካርታዎች አሉ፤ መዥገር፣ አልቅት፣ ውርጭ፣ ረግረግ። በሰው አውሬ ላይ ሲቀመጡ ጉልበቱን ይቀንሱታል። እነዚህን የሚወድ አልነበረም። ሰው ከፍሎ ፖስታ ሲከፍት አልቅት ቢወጣለት ምኑ ደስ ይለዋል? ሁላችንም አንበሳ፣ ጎሽና ዝሆን እናሳድድ ነበር።

ጋሼ ታደለ ገበያ ሲበተን እዚያው በረንዳ አረፍ ይላሉ። ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና አንድ ቀን የጣልነውን መዥገር ሁሉ ይለቅሙ ጀመር። ሽማግሌ ሰው ወረቀት ቢሰበስብ ማን ይከለክላል? ክምራቸውን ሲያበጁ ታዲያ ውስጡ አውሬ የለም ማለት ይቻላል። አንዲት ፍየል፣ አንድ አህያና አንዲት ዶሮ አሉ። የቀረው በሽታ ነው።

"ጋሼ፣ በዚህ እንዴት ሊያሸንፉ ነው?" አልኋቸው።

"የሰውን በሬ ማክሳት የራስን ከማወፈር ይቀላል" አሉኝ። "ለማወፈር መኖ ይጠይቃል።"

ተቀመጥን። በጉልበት ዘጠኝ የሆነ ዝሆን ነበረኝ፤ በከተማው አቻ የለውም። በኩራት አቆምሁት። ጋሼ ታደለ አንገታቸውን አዘንብለው አዩት። "ክፉ ነው አልልም፤ ግን ጆሮው አካባቢ ያሳክከዋል መሰል" ብለው መዥገር አስቀመጡበት። በሚቀጥለው ተራ አልቅት። ከዚያ ውርጭ። ዝሆኔ ዓይኔ እያየ ከሳ፤ ጉልበቱ አንድ ሲቀር ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ይጨርሱታ ጋሼ። ይሙትና ይረፍ።"

"ምን በወጣው ይሞታል? የሞተ ቦታ ይለቃል፤ ሌላ ታመጣበታለህ። የከሳ ግን ቦታ ይዞ ይቀመጣል።"

ጉልበቱ አንድ የቀረ አውሬ ከቦታው መነሣት አይችልም፤ ሕግ ነው። አምስቱም ቦታዬ በአጥንታም አውሬ ተሞላ። እጄ ላይ አንበሳ አለ፤ የማቆምበት የለኝም። ያኔ ፍየሏ ተነሣች። ጉልበቷ ሁለት ነው። በዝሆኔ አጠገብ ቀስ ብላ አልፋ በረቴ ገባች። አንበሳ ይዤ በፍየል ተሸነፍሁ።

የባሰው ግን ልውውጡ ላይ ነው። ከፖስታዬ ረግረግ የሚባል ካርታ ወጣልኝ። ጋሼ ታደለ ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡት። "ክፉ ነው አልልም፤ ግን ጠርዙ ታጥፏል። ሥዕሉም ደብዝዟል። ይኸን ጭቃ ማን ይፈልገዋል?" እኔም አፍሬ እንዲሁ ሰጠኋቸው። በዚያው ቀን ረግረጉ የአምስት አውሬዎቼን እግር በአንድ ጊዜ ያዘው። ዙሪያው ወርቃማ የሆነውን አንበሳዬን በለውጥ ሳቀርብላቸው ደግሞ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መለሱልኝ። "እንዲህ ያለ አንበሳ በዕድሜዬ አላየሁም። እግዜር ይባርክልህ።" እኔ ሞኙ ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ምርቃት ስኩራራ ሰነበትሁ።

ዘግይቶም ቢሆን ገባኝ። ጋሼ ታደለ የሚያጣጥሉት የሚፈልጉትን ብቻ ነው። የማይፈልጉትን መርቀው ያልፉታል። ገበያ ሄጄ አረጋገጥሁ፤ ያሞገሱትን በሬ አስገዝተው አያውቁም።

እንዲህ ተከታትዬ ማጥናቴ ያለ ነገር አልነበረም። ጋሼ ታደለ ማስተዋል የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የመፈልፈያው ቀበቶ እጄን ሲልጠኝ ያሰረችልኝ እሷ ናት። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ለማሳየት መመላለሴን አልተውሁም። አንድ ቀን ጓንቷን አወለቀችና "እስከ መቼ ነው የዳነ እጅ የምታሳየኝ? ሽማግሌ ላክ እንጂ" አለችኝ። እንደ ማንኛዋም የአገሬ ልጅ ሽማግሌ ሳይመጣ ላባቷ ቀድማ የምትነግራቸው ነገር የለም። ከማስተዋል ሌላ የምፈልገው ነገር በዚህ ዓለም አልነበረኝም።

ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። ከጣራ ገዳም ሥር የሚያርሱት አጎቴ በላቸው፣ የነፍስ አባታችን፣ እና ሐጂ ሳልህ። እሑድ ሄደው ፊታቸው በርቶ ተመለሱ።

"አለቀልህ" አሉኝ አጎቴ። "እንዴት ያለ ሰው መሰለህ? 'ሥራ ወዳድ፣ ትሑት፣ የተመሰገነ ልጅ ነው፤ እግዜር ይባርክላችሁ' አለን። ለሳምንት ቀጥሮናል፤ ለወጉ ነው።"

የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል። አጎቴ ሲደሰቱ እኔ ግድግዳ ተደገፍሁ። ሐጂ ሳልህን ባያቸው ጺማቸውን ይዳብሳሉ። አምና አንድ ባለመኪና ማስተዋልን ሲያስጠይቅ እሳቸው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። ያንን ሰውዬ ጋሼ ታደለ እንዲሁ አመስግነው አመስግነው "ሌላ ይፈልግ" ብለው ነው የሸኙት።

በመሀል ቅዳሜ መጣ። ሽማግሌ የያዘውን ነገር ልጁ ራሱ ካማች ፊት አያነሣም፤ ነውር ነው። ብቀር ደግሞ መሸሽ ይሆናል። ሄጄ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝሆኔን አቆምሁ።

ጋሼ ታደለ አዩት። ከንፈራቸውን አልመጠጡም።

"መልካም ዝሆን ነው" አሉ።

መዥገር አላስቀመጡበትም። አልቅቱም እጃቸው ላይ ቀረ። ዝሆኔ በሙሉ ጉልበቱ ተነሥቶ፣ አህያውን አልፎ በረታቸው ገባ። በረንዳው በጭብጨባ ተናጋ፤ አብዱልአሊም ትከሻዬን እየመታ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ጋሼ ታደለን ያሸነፍሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔ ግን አቀርቅሬ ካርታዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በሬ እንኳ ሲያጣጥሉት ተስፋ አለው። እኔን መርቀውኝ ሊያልፉ ነው ብዬ ቆረጥሁ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ መፈልፈያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲመለሱ አጎቴ በላቸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መሬት መሬት እያዩ ነው የሚመጡት። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ጨብጠው ይከተሏቸዋል።

"ተወው ልጄ" አሉ አጎቴ። "ይኸ ሰው ምን እንደነካው እንጃ። ባለፈው ሲያሞግስህ የነበረ፣ ዛሬ አዋርዶህ ቁጭ አለ።"

"ምን አሉ?"

"ምኑን ልንገርህ።"

"ይንገሩኝ እንጂ አጎቴ። ከመጀመሪያው።"

"'ክፉ ነው አልልም' ብሎ ጀመረ…"

"እ? ከዚያስ?"

"ግን ሲሄድ ግራ እግሩን ይጎትታል አለ። ጆሮው ውስጥ የሩዝ እብቅ ሞልቷል፣ ዝናብ ቢያገኝ ይበቅላል አለ። ይበላል፣ የበላው የት እንደሚገባ አይታወቅም አለ። በካርታ እንኳ አንድ ቀን ቢያሸንፍ ፊቱን የቀበረ ሰው አስመሰለ አለ።"

"ስለ ጥርሴ አላነሡም?"

"እሱንማ አስቀድሞ ነው ያነሣው" አሉ አጎቴ ዕንባ ባቀረረ ዓይን።

አቅፌ ሳምኋቸው። ልጁ አበደ ብለው ወደ ነፍስ አባታችን ዞሩ። ሐጂ ሳልህ ግን አርባ ዓመት የነገዱ ሰው ናቸው፤ ወደ አጥሩ ዞረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲስቁ ነው። "አቶ በላቸው፣ ለሠርጉ በሬ ይፈልጉ" አሏቸው።

ከሠርጉ በኋላ ጋሼ ታደለን ጠየቅኋቸው። "በፊተኛው እሑድ ለምን አመሰገኑኝ? ቅዳሜ ዕለትም ዝሆኔን ለምን ማሩት? ልሞት ነበርኮ።"

በጥያቄዬ ተገረሙ። "እንዴ፣ ማስተዋልን መቼ ጠየቅኋትና? ቅዳሜ ማታ ነው የነገረችኝ። ሽማግሌ ከላክህ ወዲያ አንተም ዝሆንህም ገበያ ላይ ናችሁ። እኔ ደላላ ነኝ፤ ገዢው እፈልገዋለሁ ሳይለኝ የሰው ከብት አጣጥዬ አላውቅም።"

ለካ ገዢዋ እሷ ኖራለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አሞግሰውኝ አያውቁም፤ ዝሆኔም ከመዥገር ተገላግሎ አያውቅም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እከሳለሁ፣ በፍየል እሸነፋለሁ፣ ደስ ብሎኝም እገባለሁ። እወዳቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ብነግራቸው ግን የሚያወጡልኝን እንከን ስለማውቅ አልነግራቸውም።

ባለፈው ወር ማስተዋል ሴት ልጅ ተገላገለች። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። ጋሼ ታደለ ልጅቷን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዷት። ለረዥም ጊዜ አገላብጠው አዩዋት። እኔ እጄን አጣምሬ ጸለይሁ፤ እባክህ አምላኬ፣ እንዳያመሰግኗት።

ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ።

"ክፉ ናት አልልም" አሉ፤ "ግን አፍንጫዋ ጠፍጠፍ ብሏል። ጸጉሯም ሳሳ ያለ ነው። ድምጿ ደግሞ የመፈልፈያ ሞተር ነው፤ ይኸ እንኳ ካባቷ ነው።"

አጎቴ በላቸው ሊቀበሏቸው እጃቸውን ዘረጉ። ጋሼ ታደለ ጀርባቸውን ሰጧቸው፤ እስኪመሽ ድረስም ልጅቷን ለማንም አልሰጡም።